ሦስተኛው የጎድን አጥንት

«የግጥሙ ሴትዮ ሴት አይደለችም፤» አለ ሃያሲው ሻዩን እያማሰለ። «ጥበብ ናት።»

«ነጻነት ናት እንጂ፤» አለ መጽሐፉን ያሳተመው አርታዒ። «እፍ ስትልበት ነው ሰው የሆነው። ዘፍጥረትን ገልብጦ ነው የጻፈው።»

ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው መበለት ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ባሏን ከቀበረች ገና ቀናት ናቸው። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ለባሏ ውሽማ ስም ማውጣት ይዘዋል። ጥበብም ትሁን ነጻነት፣ እሷ ማወቅ የምትፈልገው ሰፈሯን ነው።

ልብስ ሰፊ ናት። ከቀብሩ ጀምሮ በበሩ የገባችውን ሴት ሁሉ በዓይኗ ለክታለች። አንዷ ከሌሎቹ አብልጣ ስታለቅስ «ይቺ ናት» ትላለች በልቧ፤ ወዲያው ከእሷ የባሰች አልቃሽ ትመጣለች። ትናንት ደረቷን እየደቃች የገባችዋን ባለ ሰፊ ትከሻ ስታይ «በቃ፣ ተገኘች» ብላ ነበር። ለካ ሴትየዋ ለቅሶ ቤት ተሳስታ ነው።

ባሏ የሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ ቤት የማይመታ ግጥምም ይጽፋል። መጽሐፉ የወጣ ጊዜ ያንን ግጥም ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና አነበበችና ቀና አለች።

«ማናት?»

«ግጥም ነው እኮ። ከዘፍጥረት የወሰድኩት ነው።»

ዘፍጥረትን አውጥታ አነበበች። «እዚህ እፍ ያለው እግዜር ነው። ቀሚስ የለበሰ አላየሁም።»

ሳቀ። ብዙ ሳቀና ደረቱን ያዝ አደረገ። እሷ አልሳቀችም። የዚያኑ ዕለት ትራሷን ይዛ ስፌት መኪናው ወዳለበት ክፍል ገባች፤ እዚያው ቀረች። «በሩን ግን አትዝጊው፤» ይላት ነበር ሁልጊዜ። ትዘጋዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ልትጠራው ስትገባ ቀዝቅዞ አገኘችው።

«እስቲ አንብብልን፤» አለች አንዲት ጎረቤት ሃያሲውን። «እኛም እንስማውና እንፍረድ።»

መነጽሩን አደረገ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

አፈር ነበርኩ፤ ተንበርክካ እፍ አለችብኝ።
አዳም ተኝቶ አንድ ጎድን ሰጠ፤
እኔ ተኝቼ ሁለት ተሰበረብኝ።
እሷ ግን ከጎኔ አልተሠራችም፤
እኔ ነኝ ከእጇ።

መበለቷ ጥርሷን ነከሰች።

«ሦስት ነው፤» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ አጠገብ።

የባሏ ታላቅ እህት ናት። የአምቡላንስ ነርስ ናት፤ ለቅሶው ከጀመረ «እህ» ከማለት በቀር አልተናገረችም።

«ምኑ ነው ሦስት?» አለ ሃያሲው።

«ጎድኑ። ሦስት ነው የሰበርኩበት። ለምን ሁለት እንዳለ እንጃ።»

«ለዜማው ይሆናል፤» አለ አርታዒው ቀስ ብሎ።



«እትዬ፣ ምን እያሉ ነው?» አለች መበለቷ።

«ሥራ ቦታ ሊጠይቀኝ መጥቶ ወንበር ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። መሬት አስተኛሁትና ደረቱን ተጫንኩ፤ ባፉ ተነፈስኩለት። ተመለሰ። ከደረጃ ወደቅሁ ብሎሽ የለ?»

ብሏታል። እሷም «ቁጥር እየደመርክ ነዋ የምትወርደው» ብላ ስቃበታለች።

«ሐኪሙ ይደግመው ይሆናል ብሎት ነበር። አስማለኝ። ‹ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ከፈራች አትተኛም፣ እሷ ደግሞ እንቅልፍ ትወዳለች› አለኝ። ግጥሙ ሲወጣ በዚሁ ነገራት ብዬ ዝም አልኩ። የገባሽ መስሎኝ።»

«ገብቶኝ ነበር፤» አለች መበለቷ።

ከዚያ በሩ ትዝ አላት። «አትዝጊው» ሲላት ማባበል መስሏት የዘጋችው በር። ሰውየው ልቡ እንደሚቆም እያወቀ፣ ከምትፈራ ብትጠረጥረኝ ይሻላል ብሎ፣ ከግድግዳው ወዲያ ብቻውን ሲተኛ ኖሯል። ዙሪያዋን አየች። ከተቀመጡት ሴቶች አንዷም አይደለችም። የምትጠላት ሴት ድንገት ጠፋችባት፤ በቦታዋ የተገኙት ሁለት የነርስ መዳፎች ናቸው።

«ብሰማውስ ኖሮ? ከጎኑ ብሆን?»

ሊያጽናኗት አፋቸውን የከፈቱትን ሁሉ እህቱ በእጇ አስቆመቻቸው። «እንጃ፣ እህቴ። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም።»

«አሳዪኝ፤» አለቻት። ካገባች ጀምሮ አንቱ ስትላት የኖረች ናት።

እህቱ ከወንበሯ ወርዳ አጠገቧ ተንበረከከች። የመበለቷን አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርባ ፍራሹ መሃል አኖረችላት። «ክንድሽ እንዳይታጠፍ። በሰውነትሽ ክብደት ነው።»

ተጫነች።

«ጠንከር።»

«ይሰበራል እኮ።»

«ይሰበር።»

ተጫነች፤ ለቀቀች፤ ተጫነች። ማንም ተይ አላላትም። ፍራሹ ዳር የተቀመጡት ለቀስተኞች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላት።