የእታለም ሶፋ

«መዶሻ አልያዝክም። ይሁን፣ አመንኩህ። ኪስህ ውስጥ የሚንሿሿውስ?» አለች ሚስት መኪናውን እየነዳች።

«ሳንቲም ነው።»

«ሳንቲም ጨርቅ ቀዶ ይወጣል እንዴ?»

ባል ወደ ጃኬቱ ኪስ አጎንብሶ አየ። እውነትም የምስማር ጫፍ ኪሱን በስቶ ብቅ ብሏል። በአውራ ጣቱ መልሶ ገፋውና በመኪናው መስኮት ዝናቡን እንደሚያይ ሰው ፊቱን አዞረ።

«አንድ ምስማር መሣሪያ አይባልም» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ማታ ምን ብለህ ነው የማልክልኝ?»

«የመሣሪያ ሳጥኑን አልነካም ብዬ።»

«ታዲያ?»

«አልነካሁትማ!»

በመካከላቸው የተቀመጠችው ልጃቸው እግሮቿን ትንሽ ሰበሰበች። እቤት ውስጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር ፍርድ የምትሰጠው እሷ ስለሆነች «ዳኛዋ» ይሏታል። እናቷ መሪውን እንደያዘች በጎን አየቻት።

«ዳኛዋ፣ እግርሽ ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ምንድን ነው?»

«ሳጥን።»

«ማነው ያመጣው?»

«እኔ። አባዬ አልነካውም።» ትንሽ አሰብ አደረገች። «የት እንዳለ ነው የነገረኝ።»

እናት ሣቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። ብትሥቅ ተሸነፈች ማለት ነው፤ ዛሬ ደግሞ መሸነፍ አትፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባል ሶፋ ሠሪ ነው። ጎበዝ ሶፋ ሠሪ ነው፤ ችግሩ የታመመ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝም ማለት አይችልም። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቡ ዘመድ መጠየቅ ይጀምራል። ሰላምታው ሳያልቅ እሱ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርግና «ይሄ ነገር ይሰማችኋል?» ይላል። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሶፋ እግሩን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ ይገለበጣል፤ ባለቤቶቹም ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በርጩማ ላይ ይደረደራሉ። በዚህ ክረምት አንዱን እሑድ ፋርማሲስት የሆነው የአጎቱ ልጅ ባለመደገፊያ ወንበር በላው። ሌላውን እሑድ የጡረተኛው መምህር የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ጨረሱት። መምህሩ የሚስት አጎት ስለሆኑ እሷም ያን ቀን አፏን ሞልታ መናገር አልቻለችም።

እሷ የዳቦ ቤት ሹፌር ናት። በጋውን ሙሉ ከከተማው ውጭ ላለው አዳሪ ትምህርት ቤት ዳቦ ታደርሳለች። በመንገዷ ላይ፣ ከድንጋይ መፍለጫው በላይ፣ ረጅም ጥቁር ገደል አለ። ዝናብ ሲበረታ ፏፏቴ ይሆናል፤ ዝናቡ ሲያቆም ደርቆ ባዶ ድንጋይ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዳቦ በተረከበ ቁጥር «በክረምት መጥተሽ ባየሽው!» ይላታል። በክረምት ግን ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ስለዚህ እሷም በዚያ አትሄድም። ስንት ዓመት ሙሉ ደረቁን ድንጋይ ስታይ ኖረች። በሚመጣው ሳምንት ትምህርት ይከፈታል፣ ዝናቡም እየሳሳ ነው። የዳቦ ቤቱ ጌታ መኪናውን የሰጣት ለዛሬ ብቻ ነው። ዛሬ ካላየችው ለዘንድሮ አበቃ።

«እታለምን ከደጅ ሰላም ብለን እናልፋለን» አለ ባል፣ ልክ የታላቅ እህቱ ሰፈር ሲደርሱ። «በሯን አልፈን ብንሄድ ትቀየማለች።»

«ከደጅ።»

«ከደጅ ነው የምልሽ!»

እታለም ግን ከደጅ የሚሰናበቷት ሴት አይደለችም። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ነው ጡረታ የወጣችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ከሰው ስታገናኝ ኖራ ዛሬ ብቻዋን ትኖራለች። ድምፅዋ ግን አሁንም አገር ያሰማል።

«እንዴ! በዝናብ ቆማችሁ ልታሙኝ ነው? ግቡ! ግቡ እንጂ! ውሃው ፈልቷል!»

ገቡ። ባል ሶፋው ላይ ተቀመጠና ጉልበቱ አገጩ ዘንድ ደረሰ።

ሚስት የመኪናውን ቁልፍ ጨብጣ ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ ሻዩን ተቀበለ፣ ፉት አለ፣ ስለ አየሩ አንድ ነገር ተናገረ።

«አባዬ አላበው» አለች ዳኛዋ።

«ሻዩ ነው» አለ ባል። ሌላ ፉት አለ። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠ። «እታለም፣ ይሄ እኮ የኔ ሥራ ነው። አምና በገዛ እጄ ያደስኩት!»

«አርጅቶ ይሆናላ፣ ወንድሜ።»

«በዓመቱ? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ማንም አይሰማም» አለች ሚስት ፈጠን ብላ። «እኔ አልናገር፣ ዳኛዋ አትናገር።»

«እኔስ ሰምቼ የለ!»

ሳጥኑን አምጡ ያለ ሰው አልነበረም። ዳኛዋ ግን ከነብርድ ልብሱ ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር።

ሶፋው ተገለበጠ። ባል የታችኛውን ጨርቅ ገልጦ አንገቱን አስገባ። ሞላዎቹን ከታች የሚሸከሙት የሸራ ጠፍሮች ሁሉ ተበጥሰው ተንጠልጥለዋል።

«አይጥ!» አለ።

ዳኛዋ ከአጠገቡ ተንበረከከች። «አባዬ፣ ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። አይጥ በመቀስ ነው የምትበላው?»

ባል ጠፍሩን ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠው። ከዚያ ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ በንዴት ተኮሳተረ።

«አጭበርባሪ!»

ኩሽናው በር ላይ እታለም ክው ብላ ቆመች።

«ጠፍሩን የሸጠልኝን ሰውዬ ነው የምለው!» ቀጠለ። «የፋብሪካ ስሕተት ነው። አየሽ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ፣ እኩል! እኔ ደግሞ አምኜው እታለምን የሚያህል ሰው ላይ!» ምስማሮቹን ከንፈሩ ላይ ደርድሮ ሶፋው ሥር ተጋደመ።

እታለም ገና ያልተጠጣውን ሻይ ሁሉ ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች። ሚስት ተከተለቻት፤ በሩንም ዘጋችው።

«እትዬ፣ መቀሱ የታለ?»

«የቱ መቀስ?»

እታለም ስኒ አጠበች፣ ያጠበችውን መልሳ አጠበች።

«ትልቁ። መሳቢያው ውስጥ ያለው» አለች በመጨረሻ። «ሁለቱን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ እጄ ለመደ።»

«ምነው እትዬ! ለምን?»

«በበጋ መጥታችሁ አልነበር? ሶፋው ደኅና ነበር። ወንድሜ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ 'እንደ አለት ነው' አለና ሻዩን ቆሞ ጠጣ። አንቺም ቁልፍሽን ከእጅሽ አላወረድሽም። አምና ተሰብሮ ሳለ ግን ውላችሁ ነው የሄዳችሁት።»

ሚስት እጇን አየች። ቁልፉ አሁንም እጇ ላይ ነበር። ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሣቅ አመለጣት፤ ከሣቁ በኋላ ግን እንባዋ መጣ።

«እኔኮ ዛሬ ፏፏቴውን ላየው ነበር፣ እትዬ። ስንት ዓመት የተመኘሁትን።»

«ከድንጋይ መፍለጫው በላይ ያለውን? እኔ ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። ይሄን ወንድሜን አዝዬው። ድምፁ ሲያስፈራው ጀርባዬን አረጠበው!» እታለም በትዝታው ቀና ካለች በኋላ መልሳ አጎነበሰች። «ከዚያ ወዲህ ማን ወስዶኝ።»

ሚስት ወደ ኋላ አሰበች። በእንግድነት ሲመጡ፣ ሻይ ሲጠጡ፣ ሶፋ ሲገለብጡ፣ ይቺን ሴት ተነሽ አብረን እንውጣ ያላት ሰው የለም። አንዳቸውም አላሰቡትም።

«በይ ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ» አለቻት።

«የት ልቀመጥ? መኪናችሁ ሦስት ሰው ነው የሚይዝ።»

ሁለቱም ጆሯቸውን አቀኑ። ከሳሎን መዶሻው ኳ፣ ኳ ይላል። በየመካከሉ ባል ፋብሪካውን ይረግማል።

«ዛሬ ከዚያ ሥር ይወጣል ብለሽ ነው?» አለች ሚስት።

«ስመለስ ቤቴ ውስጥ ሰው አገኛለሁ ማለት ነው» አለች እታለም ቀስ ብላ። ከዚያም ሽርጧን ፈትታ የላስቲክ ቦት ጫማዋን ከበሩ ኋላ አወጣች።

ሳሎን ውስጥ የባል ጫማዎች ብቻ ይታያሉ። ዳኛዋ ኮቷን ለብሳ እየጠበቀች ነበር።

«እኛ ወጣ ብለን እንመጣለን» አለች ሚስት ወደ ጫማዎቹ።

«እህ» አለ ባል በምስማሮቹ መካከል።

«እትዬም አብራን ናት።»

«እህ። ዳኛዋ፣ መብራቱን ትንሽ አስጠጊልኝ።»

ዳኛዋ የእጅ ባትሪውን ከጎኑ አስቀመጠችለትና በእግሮቹ ላይ ተሻግራ ወጣች።

«እታለም፣ እግሩም ይነቃነቃል እኮ» አለ ባል። «ነካ ሳላደርገው ብሄድ ኖሮ ወድቀሽ ነበር። አንቺ ደግሞ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ፣ አሁን እጨርሳለሁ። ፏፏቴው እንደሆነ የትም አይሄድም። ሻይ ከተረፈ እኔ አልጠላም። ኧረ በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!»

በሩ ከውጭ ተዘጋ።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለና ሁለተኛውን ጠፍር ወጥሮ መታ።