የዳማ ሌባ

አባቴ ባህረዲን ከጥቅምት ወዲህ ከደጃፋችን አልወጣም። አንድ ዓይኑ ድሮም ከብርሃን በቀር አይለይም ነበር፤ ምን አለሽ ተራ ገበያ ውስጥ በርሜል እየቆረጠ ምድጃ ሲሠራ የብረት ስባሪ ደህናውን ወሰደው። ሐኪሙ «ደጅ ደጁን በል፣ እግርህ መንገዱን ይልመድ» ቢለውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እናቴ ሰአዳ ለምና ለምና ደከመች። እኔም አስረኛ ክፍልን ጨርሼ በእሱ ቦታ ቆርቆሮ እቀጠቅጣለሁ። በመዶሻው ጩኸት መሀል፣ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ሥራው ብቻውን ሲመጣ በሐሳቤ አየዋለሁ።

ድሮ እሑድ እሑድ አራታችንም ዳማ እንጫወት ነበር። የድሮውን የካርቶን ገበታ መስመር ጣት አያገኘውም ብዬ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ በሚስማር ጫርኩለት፤ ጠርዙንም አጠፍኩት። የእሱን ቆርኪዎች በጀርባቸው፣ የእኔን በአፋቸው ደረደርኩ። በጣቱ ይለያቸዋል።

«አባ፣ አንድ ጨዋታ።»

እያጉረመረመ ተነሣ። ዳሰሰ፣ ገፋ፣ በላኝ። ደስ ይበለው ብዬ ሁለት ቆርኪ አሳልፌ ሰጠሁት። ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«ይቺን ለምን እዚህ አመጣሃት?»

«አላየኋትም።»

«ዕውሩ እኔ መስሎኝ!» ቆርኪዎቹን በክንዱ ጠረጋቸው። «ሰደቃ አልጠየቅኩህም፣ ሙናዊር።»

ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በሚቀጥለው እሑድ ማሂራ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ነገረኛ እህቴ፣ ቆርቆሮውን ይዛ አልጋው ላይ ወጣች።

«አባ፣ ፈርተህ ነው የተኛኸው?»

«ሂጂ ወዲያ!»

«እሺ፣ ፈራ ብዬ ለሰፈሩ ላውራ?»

ተነሥቶ ተቀመጠ። ልጅቷ ምሕረት የላትም። በበላችው ቁጥር «ጎረስኩ!» ትላለች። እናቴ «አንቺ፣ ተይው» ብትላትም አልሰማቻትም። ጭራሽ እሱ ሲያስል ጠብቃ አንዷን ቆርኪ ቀስ አድርጋ ሁለት ቤት አሻገረቻት። ልናገር አፌን ስከፍት የአባቴ እጅ ክንዷን ያዘ።

«ይቺ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበረች!»

«አልነበረችም! ሳታይ በምን አወቅህ?»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቆጥሬ ነዋ! አንቺ ሌባ፣ ከዕውር ትሰርቂያለሽ?» አለና ሳቀ። ዝገት የበላው ሳቅ ነበር፤ እንደሚስቅም ረስቼው ነበር።

«ምስክር አምጣ» አለች።

«ሙናዊር አለ።»

«እሱ ላንተ ያደላል!»

«እሱስ እውነቷን ነው። ጋሽ ኪዳነ ማርያም ይፍረዱን» አለ አባቴ።

ጋሽ ኪዳነ ማርያም ከደጃችን ማዶ ጫማ የሚሰፉ፣ በዳማ የሚፈሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጥራቸው?» አልኩ።

«ከሳሽ ነው ወደ ዳኛ የሚሄደው እንጂ ዳኛ ወደ ከሳሽ ይመጣል እንዴ?» ጫማውን በእግሩ ፈለገ። ማሂራ ቆርኪዎቹ እንዳይንሸራተቱ ቆርቆሮውን አስተካክላ ያዘች፤ እሱ ትከሻዋን ያዘ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ የኩሊዎቹ «መንገድ! መንገድ!» ጩኸት ፊቱን መታው። ቆመ። አንድ ሙሉ ጋሪ አለፈ።

«ማስረጃዬን እንዳትነኪ» አላትና ወጣ።

ጋሽ ኪዳነ ማርያም አቤቱታውን ሰምተው ሲያበቁ መስፊያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ አላየሁም፤ አንተም አላየህም። እንደ አዲስ ተጫወቱ፣ እኔ ልይ።»

ለዐስር ሶላት አዛን ሲባል አባቴ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል። ደክሞኝ ነበር፤ ደጃፉን ተደግፌ «አባ፣ አይበቃም? እንግባ» አልኩት።

«አንተ ግባ» አለኝ። «ማሂራ፣ ደርድሪ።»