ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ብረት

ባለቤቴ ጣይባ ይቅር ማለት ታውቅበታለች፤ ነገር መተው ግን አልፈጠረባትም። የተሳፈረችበትን ባጃጅ አንድ ፒካፕ ፊት ለፊት ገጭቶት የፊት ጥርሶቿ የረገፉ ጊዜ፣ የፒካፑ ሹፌር ሽማግሌ ይዞ ቤታችን መጣ። እሱ ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም ስለሆንን በጉን በቁሙ አመጣልን፤ እኛው አርደን በላን፣ ታረቅን። እኔም አለቀ ብዬ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ወዳለው የጨርቅ ሱቄ ተመለስኩ።

ምን ያልቃል!

«ፒካፑ ገፋኝ እንጂ ጥርሴን አልነካም» አለችኝ ማታ። «ጥርሴን ያረገፈው ከባጃጁ ሹፌር ጀርባ የተበየደው መያዣ ብረት ነው። ራቁቱን ነው፤ ጎማ እንኳ አላለበሱትም። ልጅህ በየቀኑ ዓይደር ሆስፒታል የምትሄደው በምን መሰለህ?»

ልጃችን ጁዋይሪያ እዚያ ነርስነት ትማራለች። እኔ ግን ነገር ማብዛት ስለማልወድ «ይቅርብሽ» አልኳት። ማን ሰምቶኝ! በማግስቱ ጎረቤታችን ጠበቃዋ ዳናይት ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

«ዕቃ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ጉዳት ካደረሰ በሕግ ይጠየቃል» አለችን ዳናይት። «ባጃጁን የሠራው ሰው ግን መጋጨት የባጃጅ አገልግሎት አይደለም ብሎ መከራከሩ አይቀርም። እንክሰሰው?»

«መጀመሪያ ራሴ ላነጋግረው» አለች ጣይባ። «እኔ የምፈልገው ብረቶቹን እንዲያወጣቸው ነው።»

ያንን ባጃጅ የሠራው ኣስመላሽ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ባጃጅ እየገጣጠመ ይሸጣል። ሻይ አስመጣልን፤ የጣይባን ድድ አይቶም ከልቡ አዘነ። ብረቱን ስታነሳበት ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወይ ሓፍተይ፣ ወይ እህቴ! እኔ መቼ ገጨሁሽ? ባጃጅ የምሠራው እንዲሄድ ነው፤ እንዲጋጭ አይደለም።»

ጣይባ ሻይዋን አስቀምጣ ተነሳች። በሩ ላይ ወደቆመው አዲስ ባጃጅ ሄዳ የፊት ፓራውልቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ይሄስ ለጌጥ ነው?»

«እሱማ... ሲጋጭ ቆርቆሮው እንዳይጎዳ ነው።»

«አየህ፣ እንደሚጋጭ ታውቃለህ! ለቆርቆሮው አሰብክለት። ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ግን ብረት ደቀንክበት።»

ሠራተኞቹ ብየዳቸውን አቁመው አዩን። እኔማ ኩራቴን የት ላድርገው! ኣስመላሽ ግን ቱግ ብሎ «እንግዲያው ፍርድ ቤት እንገናኛለን» አለና ሸኘን። ጣይባ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ለልጃችን እንጂ ለጥርሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በሳምንቱ ምሳ ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ መምጣቱ የቆየ ወግ ነው። ኣስመላሽ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቆሟል፤ ጫንቃው ላይ ያለው ግን ድንጋይ አይደለም። ከሸጣቸው ባጃጆች ላይ እየቆረጠ ያወጣቸውን ብረቶች በገመድ አስሮ ተሸክሟቸዋል። ላብ አጥምቆታል።

ሽማግሌዎቹ አፍ ሳይከፍቱ እሱ ቀደማቸው።

«አልገጨሁሽም፣ ሓፍተይ። ጥርስሽን የሰበርኩት ግን እኔ ነኝ። ማስተከያውም በእኔ ነው።»

የጣይባ ዐይን እንባ አቀረረ። ሸክሙን ከጫንቃው በገዛ እጇ አወረደችለት።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ቀጥላ እስሩን አየት አደረገችና፣ «የቀሩትስ?» አለች።

«እየፈለግኳቸው ነው።»

«በል ግባ። ምሳው ሽሮ ነው፣ ሥጋ የለበትም። ከበላህ በኋላ ከባለቤቴ ከይማም ጋር ትፈልጓቸዋላችሁ።»

እኔን ማን ጠየቀኝ! የዚያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ ከኣስመላሽ ጋር ባጃጅ ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝም አያውቅ።