የአሻንጉሊቷ ጩኸት

ፈትለወርቅ ከሆስፒታል ሥራዋ ወጥታ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ያለው አዲሱ ቤታቸው ስትገባ፣ ከልጇ ክፍል የታነቀ ሰው የሚመስል ሲጥሲጥታ ሰማች። በሩን በርግዳ ገባች። ልጇ ሳሌም አልጋው ጎን ቆማለች። ልጅቷ ጠዋት ጎረቤት አሮጌ ዕቃውን ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ያመጣቻት፣ መቶ ዓመት ያለፋት አሻንጉሊት አልጋው ላይ ተጎልታ፣ የሸክላ ከንፈሯ ሳይነቃነቅ ከቆርቆሮ ደረቷ ትጮኻለች።

ፈትለወርቅ ይህን ጩኸት ታውቀዋለች፤ አገር ቤት ጠበል ቦታ ሰምታዋለች። ጋኔን ደግሞ በልመና አይወጣም! ሮጣ ጠበሉንና የባሏን መቋሚያ አመጣች። ጠበሉን አሻንጉሊቷ ፊት ላይ ደፋችባት።

«ማነህ? ስምህን ተናገር!»

በመቋሚያው አናቷን አለቻት። የሸክላው ፊት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ድምፁ ግን አልቆመም።

«አልወጣም ትላለህ?»

ደገመቻት። አንዱ የመስታወት ዓይን ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ። ክንዷ ተገነጠለ። አሻንጉሊቷ ትጮኻለች፣ እሷም እየጮኸች ትቀጠቅጣለች። ሳሌም «ማሚ፣ ስቶፕ!» ብላ አሻንጉሊቷ ላይ ስትደፋ እንኳ የተሰነዘረው እጅ አልተመለሰም። መቋሚያው የልጅቷን ከንፈር ሰነጠቀው።

ያኔ ነው የቆመችው። ከተፈለቀቀው የአሻንጉሊቷ ደረት ውስጥ፣ ድምፅ የተቀረጸባት ትንሽ ሲሊንደር እየተንቀራፈፈች ዞራ ዞራ ቀጥ አለች።

«ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዞርኩት እኔ ነኝ» አለች ሳሌም ደሟን እየዋጠች። «ፕሬይ እያደረገች ነበር፣ ማሚ። የማታ ጸሎት ነው።»