ሲዘጓት የምታኮርፍ ሣጥን

ሣጥኗ ሲከፍቷት ትዘፍናለች፣ ሲዘጓት ታኮርፋለች። ምሁሩን ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የነሳችው በዚህ ጠባይዋ ነው።

«ምሁሩ» የቤት ስሙ ነው። ስድስት ዓመት ሩቅ አገር ኤሌክትሪክ ተምሮ ከተመለሰ አምስት ወሩ ነው፤ ስሙን ያወጣችለት ታናሽ እህቱ ናት፤ አምፖል ባቃጠለ ቁጥር ትጠራበታለች። ሣጥኗንም የሠራት ለእሷ ነው፦ በእግር ሲረገጥ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር፣ ከጡብ የሚያንስ የብረት ፔዳል። «ከሱቅ ምን አስገዛሽ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» ብሎ ቃል የገባው ራሱ ነው። ዛሬ ደግሞ እህቱ ከጓደኞቿ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፈሩ አዳራሽ ልትጫወት ነው።

«አስር ሰዓት ላይ እኮ መድረክ ላይ ነኝ» አለችው፣ ጊታሯን እንዳነገተች በአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት በር ገብታ።

«ይሠራል! ስሚው።» ክዳኑን አነሳላት። እሷም ጊታሯን በፔዳሉ በኩል ከድምፅ ማጉያው አያይዛ ክሯን መታች፤ ፔዳሉ አገሳ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የእንጨት ፍቅፋቂ ተንቀጠቀጠ። ክዳኑን መለሰው። ጸጥ። ትንሿ ቀይ መብራት ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ቦግ ብላ ትታያለች።

«ይቺ ሐኪም ቤት ደጃፍ ስትደርስ የሚሻላት በሽተኛ ናት» አለች እህቱ።

ባትሪውን ለካ። ብየዳውን አንድ በአንድ ፈተሸ። ሁሉም ደህና ነው፤ ለመለካት መክፈት አለበት፣ ሲከፍታት ደግሞ ደህና ናት። ከመጀመሪያውም ንድፉ ስህተት ይሆን? ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ።

«ሌላም ንድፍ ስዬ ነበር፤ ምናልባት ከሁለቱ አጣምሬ...»

«ኧረ ወንድሜ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ካቃተህ ግዴለም፣ ከበሮ መቺያችን ፔዳል አለው፤ ያውሰኛል።»

በክፋት አልነበረም የተናገረችው፤ ሆኖም ከነከነው። ከመጣ ወዲህ በገዛ እጁ የጀመረው ነገር ይህ ብቻ ነው። የተዋሱት ፔዳል መድረክ ላይ ከወጣ፣ የአምስት ወሩ ነገር በዜሮ ተባዛ ማለት ነው።

አናጢው አባታቸው በጠረጴዛው ሌላ ጫፍ በር እየላገ ነበር። አሁን መላጊያውን አስቀመጠ።

«ስትዘጋት ብቻ ነው የምትታመመው?»

«አዎ አባዬ። ግን ይሄ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው...»

«ኤሌክትሪክ አላውቅም፤ በር አውቃለሁ። ሲዘጋ የሚይዝን በር ከፍቼ ባፈጥበት ምን ይነግረኛል?»

ከሽርጡ ኪስ ሰማያዊ ጠመኔ አወጣና የክዳኑን ውስጠኛ ፊት ጥግ እስከ ጥግ ቀባው።

«ግጠመው። አራቱንም ብሎን እሰር።»

«ሁለት ይበቃል፤ መልሰን ልንከፍተው...»

«አራቱንም።»

ምሁሩ በካቻቢቴ አራቱንም አሰረ፤ መልሶ ፈታ። በሰማያዊው ጠመኔ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል፣ ተፍቃ ብረቱን ያሳየች አንዲት ጭረት ነበረች። ትክክል ከፊቷ፣ ከብየዳው መሃል፣ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ አንድ የሽቦ እግር ከሌሎቹ ሁሉ ረዝሞ ቆሟል። ክዳኑ ሲዘጋ ብረቱን ይነካል፤ ድምፁም ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ በብረቱ በኩል ሰምጦ ይቀራል።

ምሁሩ በራሱ ሳቀ። አባትየው ግን አንገቱን አስግጎ አየ።

«ሌሎቹን ሁሉ ከርክመህ ይሄን ለምን ተውከው?»

«ልክ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም። ምናልባት ነቅዬ ብቀይረው ብዬ...»

«ሻንጣህን ሳታራግፍ አምስት ወር እንደኖርከው ነዋ!» አለች እህቱ። «ሸሚዝ በለወጠ ቁጥር ዚፕ ይከፍታል፣ ዚፕ ይዘጋል።»

«አንቺ፣ ተይው» አለ አባት። ወደ ልጁ ዞረ። «ድምፁን ወደድከው?»

ምሁሩ ትንሽ አሰበ። «በጣም።»

«እንግዲያው ቁረጠው።»

በፒንሳ ቆረጠው። እግሩ ተፈናጥሮ ፍቅፋቂው ውስጥ ጠፋ፤ ማንም አልፈለገውም። አባት ጠመኔውን በሽርጡ ጠረገ፣ ክዳኑ ተገጠመ፣ አራቱም ብሎኖች ታሰሩ። እህቱ ክሩን መታች። የተዘጋችው ሣጥን አገሳች።

አባት ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ነው እንግዲህ የሚያምረው? ሚስማር የነከሰ መጋዝ አይመስልም?»

«እሱን ብለን አይደል የደከምነው አባዬ!»

በአስር ሰዓት አባትና ልጅ አዳራሹ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ዘፈን ምሁሩ ከዜማው አንዲት ነገር አልሰማም፤ ድምፁ አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል እያለ ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ጨብጦ ጨረሰው። ሁለተኛው ሲጀመር አባትየው ዓይኑን ከመድረኩ ሳይነቅል መዳፉን ዘረጋለት።

«ምንድን ነው አባዬ?»

«ካቻቢቴውን ወዲህ በል። የሥራ ቤቱ ነው።»

አውጥቶ ሰጠው። ከዚያ በኋላ የሚጨብጠው ነገር ስለሌለ፣ ማጨብጨብ ጀመረ።