ከ2018 በፊት ያለው ይቅር
ክንፈ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ ከአርሲ ተመድቦ ሸዋ ሮቢት ከመጣ ሰባት ዓመት ሞላው። የሚሠራበት የግብርና ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ጠባቂ እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ድረ ገጹን ወር ሳያጓድል የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ማንበብ የማይችሉት እትዬ ደመቀች ናቸው።

ልጃቸው መሳፍንት በ2013 በማሾ ምርት ተሸልሞ ፎቶው እዚያ ወጥቶ ነበር። በዓመቱ ጦርነት መጣ፤ ልጁም ሞተ፣ ቤቱም ከነፎቶዎቹ ተቃጠለ። የቀረችው ምስል ያቺ ብቻ ናት፦ የምስክር ወረቀቱን ታቅፎ፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግቶት ሲስቅ። እናት ወር በገባ ቁጥር ከጀውሃ በሚኒባስ መጥተው ኮምፒዩተሩ ፊት ቁጭ ብለው ያዩታል። ማተሚያው መቼም ቀለም ኖሮት አያውቅም፤ ክንፈም “ሌላ ቀን አሳጥብልዎታለሁ” ይላቸዋል። የት ይሄዳል ብሎ ነው።

ዘንድሮ ከበላይ ትእዛዝ ወረደ። ድረ ገጹ ከአሮጌው ሥርዓት ወደ አዲሱ ይዛወር፤ ከ2018 በፊት ያለው መረጃ ይቅር፤ አሮጌው ሰኞ ይዘጋል። ዓርብ ከሰዓት አለቃው ወይዘሮ ሐረገወይን የርክክቡን ወረቀት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

“አላለቀም እንዴ ክንፈ? የሚጠብቁት እኛን ብቻ ነው እኮ!”

ክንፈ ስክሪኑ ላይ “መነሻ ዓመት” በሚለው ቦታ እንደታዘዘው 2018 ብሎ ሞላ። ትንሽ ቆይቶ “ዝውውሩ ተጠናቋል” የሚል ጽሑፍ መጣለት። ከፍቶ ሳያይ ፈረመ።

ማክሰኞ አዲሱን ሲከፍተው “እንኳን ደህና መጡ” ከሚለው በቀር ባዶ ነው። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ትእዛዙ የወረደው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እነ ክንፈ ደግሞ ድረ ገጹ ላይ ቀኑን ሁሉ በእኛው ዘመን ሲጽፉ ኖረዋል። ለአዲሱ ሥርዓት ያለፈው ሳምንት ስብሰባ እንኳ የ2017 ነውና ያረጀ ነው። ሁሉንም ጥሎት መጣ። አሮጌውም ተዘግቶ ተደምስሷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ክንፈ ግን የሚለቅመው እንኳ አልተረፈለትም። ያልደወለበት ቦታ፣ ያልፈተሸው ፍላሽ የለም።

“ማን ያየዋል ብለህ ነው? አዲስ እንሞላለን” አሉት ወይዘሮ ሐረገወይን።

ወር በገባ በሁለተኛው ቀን እትዬ ደመቀች መጡ። እንደ ልማዳቸው ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

“እስቲ አምጣልኝ ልጄ።”

“እትዬ ደመቀች... ጠፋ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር ይበሉኝ።”

“መብራት ሄዶ ነው?”

“አይደለም።”

“ኔትወርክ ነው እንግዲያ?”

እሱ ነው ቢላቸው ምንኛ በወደደ! “አይደለም። ከእንግዲህ አይመጣም” አላቸው።

ቢረግሙት ይሻለው ነበር። እትዬ ደመቀች ባዶውን ስክሪን ትክ ብለው አዩት።

“መልኩ መቼም ከልብዎ አይጠፋም” አላቸው። ወዲያው በገዛ አፉ አፈረ።

“አይ ልጄ” አሉ እሳቸው፣ ለመነሣት ጠረጴዛውን እየተደገፉ። “ከልቤ ባይጠፋማ ከጀውሃ ድረስ ምን ያመላልሰኝ ነበር? ወሩ ሲጋመስ እኮ መልኩ ይጠፋብኛል።”