የሁለት ሱፐርቻርጀር ዳኛ

በ2008 ኅዳር ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ታኅሣሥ ላይ ጎማ ተቃጠለ፣ ልጆች ተቀበሩ። ሰበታ ያሉ ፋብሪካዎች በራቸውን ዘጉ፤ ከደቡብ የመጡ ሠራተኞች ሻንጣ ተሸክመው በእግር ሄዱ። ጥር ወር ሙሉ ጋራዤ የገባው መኪና ሁለት ብቻ ነው። ቆሎ በላሁ።

ጎረቤቴ ሞቱማ ሱሉልታ ለልቅሶ ሄዶ ሳለ ከወጣቶች ጋር ታፈሰ። በየካቲት አንድ ሐሙስ ማታ እዚያው ሱሉልታ ያለችው የእህቱ ልጅ ደወለች። ዘመዱ ያልሆነ የሰፈሩ ሰው በአካል ቀርቦ ዋስ ከሆነ ይለቁታል፤ እስከ ነገ ማታ ካልሆነ ወደ ሩቅ አገር ይወስዱታል።

በ1977 እኔ ለውትድርና ስታፈስ ዋሴ ሞቱማ ነበር። ሰኞ እንደምቀርብ ፈረመልኝ። ጠፋሁ። በእኔ ፈንታ ሰባት ወር አሰሩት። ከተፈታ ወዲህ አንድ ቀንም አላነሳብኝም። እኔም ይቅርታ አላልኩም፤ ሰባት ወር በቃል አይከፈልም።

ዓርብ ጠዋት በአድማው ምክንያት ታክሲ የለም። አውቶቡስ የለም። ከሰበታ ሱሉልታ ለስድሳ ዓመት ጉልበት የአንድ ቀን መንገድ አይደለም።

በሦስት ሰዓት ሁለት ተመሳሳይ የእሽቅድምድም መኪኖች እያጓሩ ደጄ ቆሙ። እንዲህ ያለውን መኪና ማንም አያስቆምም። አንዱን የነዳው አዶናይ የሚባል የለገጣፎ ቪላ ልጅ ነው፤ አባቱ የገበሬ መሬት በካሬ ሸንሽኖ ይሸጣል። ሌላው ጓደኛው እስራኤል ነው። ሁለቱም ሱፐርቻርጀር አስገጥመዋል፤ ለሞተር አየር በግድ የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት በሠራሁባቸው የመንገድ ሥራ ማሽኖች ላይ ስለነበረ፣ አውቃለሁ ብለው መጡ።

«ጋሼ ተክሉ፣ ይፍረዱን» አለ አዶናይ ስልኩን ደቅኖ። «የእኔ ስድስት መቶ ሃምሳ ፈረስ ነው። የሱ ስድስት መቶም አይሞላም።»

«ፈረሶቹን የት ቆጠርካቸው?»

«ይኸው ተጽፏል።»

«የተጻፈው ቆላ ላይ ተለክቶ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው።»

እስራኤል ሳቀ። «ነግሬህ ነበር! የወረቀት ፈረስ!»

«አንተ ዝም በል። ያንተንም አላየሁም።»

ኮፈኖቹን አስከፈትኩ። የአዶናይ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው፤ ሞተሩ ካልጮኸ አያጎርስም። የእስራኤል ሁለት የተጠማዘዙ ብሎኖች እየተናከሱ ይዞሩበታል፤ ከመነሻው ያጎርሳል፣ ግን ለራሱ ማዞሪያ ብዙ ጉልበት ይወስዳል።

«ያንተ ቁርስ በምሳ ሰዓት ያቀርባል» አልኩት አዶናይን። «የሱ በሰዓቱ ያቀርብና ሩቡን ራሱ ይበላል።»

«ታዲያ ቀለበት መንገድ ላይ እንሩጥና ይዩን። ዛሬ ባዶ ነው። አድማው ጠቅሞናል!»

ሰው ይቀበራል፤ እሱ መሮጫ አገኘ። ሱሉልታ አድርሱኝ ማለት እችል ነበር። ግን የነዚህ ባለዕዳ ሆኜ የሞቱማን ዕዳ መክፈል አልፈለግሁም።

«ሜዳ ላይ አህያም ይሮጣል» አልኩ። «በእንጦጦ ዳገት እስከ ሱሉልታ። አለዚያ አልፈርድም።»

ውሸት አልነበረም። ለእንዲህ ያለ ክርክር ከዚያ የተሻለ መንገድ የለም።

ከአዶናይ ጋር ተቀመጥኩ። ዳገቱ ላይ የተበተነ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ባየን ቁጥር ቀዝቀዝ እንላለን፤ ዳግም ስንነሳ እስራኤል ጥሎን ይሄዳል። መንገዱ ቀና ሲል የእኛ ይጮህና ይደርስበታል። አዶናይ መሪውን በጥፊ ይመታል። ዳገቱ አናት ላይ አላፊውን የሚፈትሽ ወታደር ቆሟል፤ ማንነታችንን አልጠየቀም። መኪናውን ፎቶ አንስቶ አሳለፈን።

ሱሉልታ ወረድኩ።

«ዳገትና ኩርባ ላይ የእስራኤል ይበልጣል» አልኩ። «ቀጥ ባለ ሜዳ ያንተ። ለናንተ ግን ሁለቱም ትርፍ ዕቃ ነው። የምትሄዱበት የላችሁም።»

«ጋሼ፣ ይሄ ፍርድ ነው ስድብ?»

«ሁለቱም። አትጠብቁኝ።»

እስረኞቹ ያሉበት ግቢ ገባሁ። ጸሐፊው ቀና ሳይል «ሰውየው ቢጠፋ እርስዎ ይታሰራሉ። ገብቶዎታል?» አለኝ።

«ከ1977 ጀምሮ ገብቶኛል።»

ፈረምኩ። ሞቱማን አመጡት። ከስቷል፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«አካም ተክሉ! በምን መጣህ?»

«በሁለት ጅል።»

ከግቢው ስንወጣ ክንዴን ያዘ። «እንግዲህ ተራዬ ነው፤ ልጥፋ?»

«ጥፋ። ሰባት ወር እታሰርልሃለሁ።»

ቆመ። በሠላሳ አንድ ዓመት ነገሩ ከአፋችን ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«አይ» አለ፤ «መምጣትህ በቃኝ። ተከፍሏል።»

ወደ እህቱ ቤት በእግር ሄድን።